የብዙዬ ግንባር

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፍቅርአዲስ፣
ባለሽበት ዱባይ

አፊያ ነሽ ወይ? ሙቀቱ፣ የሰዉ ጠባይ፣ ሥራው እንዴት ይዞሻል? እኛ ከኔ ጉልበት በቀር ሁላችን ደህና ነን፤ የሰማይ አምላክ ይመስገን። ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ የሰው አገር እህል ሳያንቅሽ ይለፍልሽ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ኔትወርኩ መጣሁ ሄድሁ እያለ የቃሉን ግማሽ ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ቤቴ ጠባብ ነው፤ ብዙዬ ትሰማለች። ጨርቅ ነጋዴው አሕመድኑር ለዕቃ ወደናንተ ስለሚመላለስ በሱ እጅ ልኬዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ወረዳው መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ነገር በወረቀት ካልሆነ አይጥመውም፤ ታውቂኝ የለ።

ልጄ ብዙዬ ታጭታለች። ልጁ በእውቀቱ ይባላል። ወላጆቹ የወግዲ ሰዎች ናቸው፤ እሱ አዲስ አበባ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል። ሠርጉ ለግንቦት ተቆርጧል። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሊነሡ ሲሉ የልጁ እህት ወደ ጓዳ ጠራችኝና፣ የብዙዬ የግንባሯ መስቀል ከሠርጉ በፊት ይጥፋ አለችኝ። ለምን ብላት፣ "ወንድሜ ፎቶው ላይ እንዲወጣ አይፈልግም" አለች። ሌላ ምክንያት አልሰጠችኝም።

መስቀሉን የነቀሰቻት እናቴ ናት፤ ብዙዬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ወግዲ የከረመች ጊዜ፣ በመርፌና በጥላሸት። ያኔ እኩዮቿ ተነቅሰው አይታ ራሷ ለምና ነው። አሁን ነገሩን ስትሰማ ተነሥታ የቡናውን ሲኒ ማጠብ ያዘች።

እኔም ደስ አላለኝም። ግን የሰው ልጅ ዕድሉ ደጃፉ ቆሞ ሳለ በአንዲት ምልክት ምክንያት ይመለስ ማለትም አልቻልሁም። አንቺ የምትሠሪበት ቤት ፀጉሩንም ንቅሳቱንም በመብራት ያጠፋል ብለሽን ነበር። እውነት ይጠፋል? ያምማል? እዚህ አገርስ የሚሠራ ደህና ቦታ ታውቂያለሽ? በሚቀጥለው የአሕመድኑር መንገድ መልስሽን እጠብቃለሁ።

አክስትሽ የትምወርቅ


ዱባይ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለእትዬ የትምወርቅ

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን እሱ ይማርልኝ። የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ሳይ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለብዙዬ እንኳን ለዚህ አደረሳት፤ ወልዳ ለመሳም ያብቃት።

እኔ በጣም ደህና ነኝ። ቤቱ ትልቅ ነው፤ ወለሉ እብነ በረድ፣ ሠራተኛው ሁሉ ነጭ ለባሽ። የምውለው ሌዘር ክፍሉ ውስጥ፣ መብራቱ ያለበት ነው። ለጎረቤት ሲያወሩ እንዲህ ብለው ያውሩልኝ።

ስለ ጠየቁኝ ነገር። መብራቱ የሚፈልገው ጥቁር ነገር ነው። ጥቁር ሲያገኝ ይገባበትና ያግለዋል። የፀጉር ሥር ጥቁር ስለሆነ ይቃጠላል፤ የንቅሳት ቀለምም እንደዚያው ይሰባበራል። የፈረንጅ ቆዳ ነጭ ስለሆነ መብራቱ አይሳሳትም። የኛ ቆዳ ግን ራሱ ጥቁር ነው፤ መብራቱ የቱ ቀለም የቱ ቆዳ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ለኛ የሚሆን ማሽን አለ፤ የንቅሳት ማሽንና የፀጉር ማሽንም ለየቅል ነው። እሱም ቢሆን በሚያውቅ የቆዳ ሐኪም እጅ፣ በስድስት በሰባት ዙር፣ በየዙሩ መካከል ሁለት ወር እየታረፈ ነው የሚሠራው። እስከ ግንቦት አይደርስም።

የሚቻል ነው እንግዲህ፤ ግን ባይቸኩሉ ጥሩ ነው። ለመሆኑ ብዙዬን ራሷን ጠይቀዋታል?

ለአሕመድኑር አንድ ሻርፕ ሰጥቼዋለሁ፤ ለእርስዎ ነው። የእርስዎ ጸሎት አይለየኝ።

ልጅዎ ፍቅርአዲስ


መካነ ሰላም፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍቅርአዲስ

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ታኅሣሥ 22 ቀን የጻፍሽው ደብዳቤ ከሻርፑ ጋር ደርሶኛል። ዕድሜ ይስጥሽ፤ እጅሽ አይጠርብኝ።

ደብዳቤሽን ግን ደጋግሜ ባነበው ጭብጥ አጣሁበት። "የሚቻል ነው" ትያለሽ፤ ዝቅ ብለሽ "ባይቸኩሉ" ትያለሽ። እንዲህ ያለ መልስ ስንቱን ባለጉዳይ አመላልሰንበታል መሰለሽ! የልጁ እህትም አነበበችው፤ አንብባም "የአጎቷ ልጅ ቀናችባት እንዴ?" አለች። ተቆጣኋት። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም።

ሌላም የሰማሁት አለ። አሕመድኑር፣ "ወላሂ፣ በዚያ ንዳድ እስከ እጇ አንጓ ተሸፍና ነው የመጣችልኝ፤ ሻይ ስትጠጣ እንኳ እጅጌዋን አልሰበሰበችም" አለኝ። ሳቅ ብሎ "ሰልማ ይሆን?" አለ። ሃይማኖትሽን ለውጠሽ ከሆነ እኔው ልስማው፤ የአሕመድኑር እናት ጡት ያጠባችኝ ሴት ናት፣ በዚህ አልጣላሽም። የምትደብቂኝ ነገር ካለ ነው የሚያመኝ።

የልጁ እህት አዲስ አበባ አንድ የውበት ቤት አግኝታለች። በሦስት ዙር ድራሹን እናጠፋዋለን ብለዋታል። ቀጠሮው መጋቢት 6 ነው። ብዙዬ ከቤት ስትወጣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ማውረድ ጀምራለች። ጠየቅኋት፤ "እናንተ ያላችሁት ይሁን" አለችኝ።

እንግዲህ አሁን የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ሂዱ ወይም አትሂዱ በይኝ።

አክስትሽ የትምወርቅ


ዱባይ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የትምወርቅ

እንደምን ከረሙ? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር ሊሞላው ነው። ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ተነሥቻለሁ። አልሰለምኩም። ክፍሉ በማሽን ስለሚቀዘቅዝ ነው የምሸፈነው።

አትሂዱ። በሦስት ዙር አጠፋለሁ ያለዎት ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ስልክዎ አምስት ቀን ሙሉ አልሠራ አለኝ። አሕመድኑር በዚህ ወር ስለማይመጣ በአንዲት ወደ ደሴ በምትሄድ ልጅ እልከዋለሁ፤ ቶሎ እንዲደርስ እመቤቴ ትርዳኝ።

እባክዎ እንዳታስነኳት።

ፍቅርአዲስ


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍቅርአዲስ

"አትሂዱ" ያልሽው ደብዳቤ በተቃጠለች በዘጠነኛው ቀን ደረሰኝ። በመዝገብ ቤቱ ልማዴ የተቀበልሁበትን ቀን ራስጌው ላይ ጻፍሁበትና እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

የሆነውን ልንገርሽ፤ ለሌላ ሰው ልናገረው አልቻልሁም።

ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ የአንዲት ነጭ ሴት ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል። ተራችን ደርሶ ስንገባ ከፊታችን የነበረችው ብብቷን አስላጭታ፣ ማለቴ በመብራቱ አስጠፍታ፣ እየወጣች ነበር። አልጋው ላይ የተዘረጋውን ወረቀት አልለወጡትም። የተቃጠለ ፀጉር ብናኝ በላዩ ነበር። ክፍሉ የተለበለበ ዶሮ ይሸታል፤ እሱን ለመሸፈን ሽቶ ረጭተውበታል፤ ሁለቱ ተደባልቀው ጉሮሮዬ ላይ ተጣበቁ። ነጭ የለበሰችው ልጅ ማስቲካ ታኝካለች። ሐኪም ነሽ ብዬ ብጠይቃት "ሠልጥኛለሁ" አለችኝ። ማሽኑ ያው የብብቱ ማሽን መሆኑን አየሁ። አየሁ፤ ደግሞም አንቺ ለየቅል ነው ያልሽው ትዝ ብሎኛል። የልጁ እህት ከጎኔ ቆማ ነበርና አፈርሁ። ወረቀት ሰጡኝ፤ ብዙዬ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ሳለ እኔ ፈረምሁላት።

ዓይኗን በጥቁር ነገር ሸፈኑት። ቀዝቃዛ ዝልግልግ ነገር ግንባሯ ላይ ቀቡ። ከዚያ መብራቱ ጧ አለ፤ የብዙዬ እግር ከአልጋው ተነሣ። ልጅቱ "ትንሽ ቆንጠጥ ነው የሚያደርገው" አለች፣ እያኘከች። ደግማ ጧ። ጭስ አየሁ፣ ፍቅርአዲስ። ከልጄ ግንባር ላይ ጭስ ሲወጣ አየሁ፤ ቀጥ ብዬ ቆሜም ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርሁ። ሲያበቃ መስቀሉ ነጭ ሆኖ አብጦ ወጣ። ልጅቱ በስልኳ ፎቶ አነሣችውና "ይኼ ኖርማል ነው" አለች።

በሁለተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ። በሦስተኛው ፈነዳ፤ ዓይኗ ተደፈነ። ስንደውልላቸው በረዶ አድርጉበት አሉ፤ ኋላ ስልኩንም ማንሣት ተዉ። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አቀስታን ካለፍን በኋላ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላችን የተቀመጠች ሴት በብርዱ መስኮት ከፈተች። ለምን እንደከፈተች ብዙዬ ገባት። ፊቷን ጉልበቴ ላይ ደፍታ እስከ መካነ ሰላም ቀና አላለችም። መግሉ በቀሚሴ አልፎ ጭኔን አረጠበኝ። የገዛ ልጄ ነች። ሆኖም ተጸየፍሁ፤ ወጥቼ ልታጠብ ቸኮልሁ። ይህንን ለንስሐ አባቴም አልነገርሁ።

የጤና ጣቢያው ነርስ የኋላሸት በየቀኑ ይጠርግላታል። ቃጠሎው ጥልቅ ነው ብሎኛል። በእውቀቱ አንድ ቀን ደውሎ "ሁለተኛው ዙር መቼ ነው?" አለ።

እዚያ የሚሻል ቅባት ካለ ላኪልኝ። ቅባትም ባይኖር የምታውቂውን ሁሉ ጻፊልኝ። አንቺ ያለሽበት ቤትም እንዲህ ነው ወይ?

አክስትሽ


ዱባይ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የትምወርቅ

እግዚአብሔር ብዙዬን ይማርልኝ፤ እርስዎንም ያጽናልኝ። ቁስሉን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ቫዝሊን፣ ንጹሕ ፋሻ። የላክሁልዎትን የቱቦ ቅባት የኋላሸት ሳያየው እንዳይቀቧት። ሲደርቅ ደግሞ ፀሐይ እንዳያገኛት። ከዚህ በላይ ማንም የተለየ ነገር የለውም፤ እዚህም የለም።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት በምሳ ሰዓት ሠራተኛ መታጠቢያ ቤት ቆሜ ነው። ጭሱ ጋ ስደርስ ቧንቧውን ከፍቼ ፊቴን ታጠብኩ። ሽታውን አውቀዋለሁና። ፀጉሬ ውስጥ ነው ያለው፣ የምበላው ውስጥ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አልለቀቀኝም።

ውሸት አልጻፍኩልዎትም፤ እውነቱን ግን ቆርጬ ነው የላክሁት። ሌዘር ክፍል ውስጥ እውላለሁ ብያለሁ፤ አዎ፣ እውላለሁ። አልጋው ላይ ነው የምውለው። የነርስነት ወረቀቴ እዚህ አይሠራም ሲሉኝ በጽዳት ጀመርኩ። በአራተኛው ወር አሠልጣኟ ጠርታ ክንዴን ገለጠችና እንደ ጨርቅ አገላበጠችው። እዚህ ማሽን መንካት የሚማሩ ልጆች በየሦስት ወሩ ይመጣሉ። ጥቁር ደንበኛ እንዳያቃጥሉ ስለሚፈሩ የሚለማመዱበት ጥቁር ቆዳ ያስፈልጋል። "ሞዴል" ነው የሚሉት፤ ደመወዜም ትንሽ ጨመረ።

ክንዴ፣ ጀርባዬ፣ ጭኔ በካሬ በካሬ ተከፋፍሏል። አንዱ ካሬ ጠቁሯል፣ አንዱ እንደ ለምጽ ነጥቷል፣ አንዱ አብጧል። በእስክሪብቶ ቁጥር ይጽፉበታል። እኔ በሆዴ ተኝቼ ስለ እራታቸው ያወራሉ። አንድ ጊዜ ከጭኔ ደህና ሆኖ የዳነውን ካሬ ፎቶ አንሥተው የሌላ ሴት ፊት አጠገብ ለጥፈው እንግዳ መቀበያው ላይ ሰቀሉት። በየቀኑ ጠዋት መስታወቱን እወለውለው የነበርኩት እኔ ነኝ።

የካቲት ላይ አሞኝ ነበር ያልኩዎት አንዷ ተማሪ ኃይሉን ከፍ አድርጋ አቃጥላኝ ነው። ደብዳቤዎ አልጋዬ ሥር ነበር። "አትሂዱ" ብዬ ለመጻፍ "እኔን አቃጥሎኛል" ማለት ነበረብኝ፤ እሱን መጻፍ አቃተኝ። እናንተ በሰው አገር ያለች የተማረች ነርስ ናት ብላችሁ ስታወሩ፣ ሊጥ ነኝ፣ መለማመጃ ነኝ ማለት ሞት መሰለኝ። ብዙዬ የተቃጠለችው በኔ ኩራት ነው። ራሴን ጠላሁት፣ እትዬ።

አሁን ደግሞ የሆነውን ይስሙ። ባለፈው ሳምንት አልታየች የምትባል ልጅ መጣች፤ ከአቀስታ ናት። ሃያ ዓመቷ ነው፤ የምትናገረው አማርኛ ብቻ ነው። አሠልጣኟ ጠራችኝና አይጎዳም ብለሽ ንገሪያት አለችኝ። አራት ተማሪዎች ጓንታቸውን አጥልቀው ቆመዋል። ልጅቱ ክንዷን አውጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የአገሯን ቋንቋ ስትሰማ ፊቷ በራ።

ድምፄን ሳላነሣ ነው የነገርኳት። "አይጎዳም እንድልሽ ነው የጠሩኝ። ይጎዳል። ይኼውልሽ" አልኳትና እጅጌዬን እስከ ትከሻዬ ሰበሰብኩ።

አፏን ይዛ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ልብሷን ለበሰች። አሠልጣኟ ምን አልሻት ብላ ጮኸችብኝ። እውነቱን ነገርኳት አልኩ። አብረን ወጣን። ፓስፖርቴን ለማስመለስ ሦስት ቀን በራቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ ትናንት ሰጡኝ። አሁን ሁለታችንም አንድ ትምህርት ቤት ወለል እናጥባለን፤ የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነው።

ለብዙዬ ይህን ሁሉ ያንብቡላት። ይቅር ትለኝ እንደሆነ ግን አይጠይቋትልኝ።

ፍቅርአዲስ


መካነ ሰላም፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርአዲስ

አብሽሪ። ከሁሉ በፊት እሱን ልበልሽ። ሊጥ አይደለሽም።

ደብዳቤሽን ለብዙዬ ላነብላት ጀምሬ ስለ ጭንሽ የጻፍሽው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት፤ ተቀብላኝ እሷ ጨረሰችው። አጥፋ አስቀመጠችና "እንኳን ወጣች" አለች። ስለ ይቅርታ እንዳልሽው አልጠየቅኋትም።

በእውቀቱ በግንቦት ከእህቱ ጋር መጣ። ፋሻው እንዲፈታለት ፈለገ። ብዙዬ ራሷ ፈታችው። ያኔ ገና ጠርዝ ጠርዙ መግል ያዥ ነበር። እሱ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። ጨዋ ሰው ነው፣ አልሰደበም፤ ወደ ግድግዳው እያየ ሌላ የተሻለ ቤት አለ፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ፣ አንድ ዙር ብቻ ትታገሥ አለ።

ብዙዬ፣ "መጀመሪያ አንተ አንድ ዙር ተኛ። ከዚያ እኔ እተኛለሁ" አለችው።

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቡናውን ሳይጠጣ ሄደ፤ በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ነገሩ ይቅር ብለው ላኩ። ጎረቤት አዘነልን። እኔ ግን ያን ቀን ወንበሩ ላይ ጥሎት የሄደውን መሐረብ በእንጨት አንሥቼ እሳት ውስጥ ከተትሁት፤ ለመንካት ቀፎኝ ነው።

በውበት ቤቱ ላይ አቤቱታ ጽፌያለሁ፤ በቁጥርና በቀን፣ ከአባሪ ፎቶ ጋር። እስካሁን መልስ የለም። ባለጉዳይ መሆን ምን እንደሚመስል በዚህ ዕድሜዬ አየሁት። እኔ የፈረምሁበትን ወረቀትም ቅጂውን አያይዤዋለሁ። ጥፋቴ ከፋይሉ እንዲጎድል አልፈለግሁም።

ግንባሯ ደረቀ። መብራቱ ጥላሸቱን ተከትሎ ነው ያቃጠለው፤ ስለዚህ ጠባሳው ያንኑ መልክ ይዞ አበጠ። እንዲጠፋ ወስደናት መስቀሉ በጣት የሚዳሰስ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ሳየው ዞር እል ነበር። አሁን አልዞርም።

ባለፈው የገበያ ቀን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች። እኔ ከኋላዋ ነበርሁ። ሰው ያያል፣ ይንሾካሾካል። ከሳዲቅ ሱቅ ፊት ሦስት ልጃገረዶች ጠበቋት፤ አንዷን አውቃታለሁ፣ ሀያት ናት፣ የሳዲቅ እህት። ጉንጯ ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት በዚያው በውበት ቤቱ ልታስጠፋ ለሐምሌ ቀጠሮ ይዛለች። እንዴት ነው የሚያደርጉት ብላ ጠየቀቻት። ብዙዬ ስለ አልጋው ወረቀት፣ ስለ ማስቲካው፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ሚኒባሱ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት፤ እኔ በእናትነቴ ያፈርሁበትን ሁሉ በአደባባይ ተናገረችው። ከዚያ ጎንበስ አለችላት። ሀያት እጇን ዘርግታ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ዳሰሱ።

ሀያት ቀጠሮዋን መሠረዟን ትናንት አሕመድኑር ነገረኝ።

ቅባት አትላኪ፤ ሻርፕም አያስፈልገኝም። ክረምቱ ሳይበረታ ብትደርሺ መንገዱ ይሻልሻል፤ ካልሆነም ለመስከረም ይሁን። ያቺ የአቀስታ ልጅ አልታየች ከፈለገች አብራሽ ትምጣ፤ ቤቷ ቅርብ ነው። የምትገቢበትን ቀን ብቻ ቁርጡን ጻፊልኝ። ብዙዬም እኔም ደሴ ወርደን እንጠብቅሻለን።

ያሳደገችሽ አክስትሽ
የትምወርቅ